እሳት የማይነካው ጨርቅ

በአንድ ወቅት፣ ደመና ከሰው በታች ይተኛ በነበረበት ስፍራ፣ ሰገነት የምትባል አገር ነበረች። አገር መባሏ ለክብሯ ነው እንጂ በአንድ ተራራ ጀርባ ላይ የተደረደሩ ሁለት መቶ የሣር ቤቶች ናቸው። ጀርባው ጠባብ ስለሆነ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ አንዱ ቤት ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከሦስተኛው ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ይነሣና ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ ሰዎቹም ጉሙ እስኪመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቅ የለም፤ አባቶቻቸው ሲያደርጉ አይተው ነው።

ኑሯቸው ደግ ነበር፤ ክፉው የካቲት ነው። የካቲት ሲጋመስ ከምሥራቅ ነፋስ ይነሣል፤ ፈረሰኛው ይሉታል። ፈረሰኛው መጋቢት እስኪያልቅ ሲጋልብ ይሰነብታል፤ በእነዚያ ሳምንታት ከአንድ ምድጃ አንዲት ብልጭታ ካመለጠች ግማሽ አገር ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ የሰገነት ሰው በየቤቱ እሳት አያሳድርም። ላገሩ ሁሉ ያለው አንድ እሳት ነው፤ ከዳር በድንጋይ በተሠራ ቤት ውስጥ ዓመት ከዓመት ይነዳል። ወጥ የሚሠራ ሁሉ ጠዋት ገሉን ይዞ ይመጣል፣ ፍም ጭሮ ይሄዳል፣ ሥራውን ሲጨርስም ውሃ አፍስሶ ያጠፋዋል።

የዚያ እሳት ጠባቂ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። አርባ ዓመት ጠብቃዋለች። ፍም ሰጥታ ምክር ሳትመርቅ የሸኘችው ሰው የለም፤ «ሽሮው እንዳያርርብሽ፣ ባልሽንም አታስኩርፊው» ትላለች። የሚከፋው ይከፋዋል፤ ግን እሳት ከእሷ ሌላ ከየት ያመጣል? እሳቱን ራሱን ግን አትወደውም ነበር። በወጣትነቷ ባሏንና የሦስት ዓመት ልጇን ባንድ ቀን ወስዶባታል። ከዚያ ወዲህ የምትመግበው ሰው ክፉ አማቱን እንደሚመግብ፣ ፊት ሳትሰጥ ነው።

የተረፉላት ሦስት ልጆች ናቸው፤ ጓንጉል፣ ስንዱና ላቀው። በሰገነት ሥርዓት እሳት ጠባቂ ሲያረጅ አንዲት ፍም በገዛ እጁ አንሥቶ ከልጆቹ በአንዱ ገል ላይ ያኖራል። ለሁለት አይሰጥም። ፍሙን የተቀበለ ሰው ስለ እሳት የሚናገረው ቃል፣ የቤት አሠራርም ይሁን የመንገድ ስፋት፣ ሰባት ዓመት አይሻርም። ሰባቱ ዓመት ሲያልፍ ለጠባቂው ማገዶ መጨመር ብቻ ይቀረዋል፤ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ይመለሳል። ይርገዱ ቃሏ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኗል። አሁን ደግሞ አርጅታለች፣ ትንፋሿም እያጠረ ሄዷል፤ መጪው ፈረሰኛ ሳይነሣ ፍሙን መስጠት አለባት። ለማን እንደምትሰጥ ግን ጨነቃት። ሦስቱም ይገባኛል የሚያሰኝ ሥራ ሠርተዋል፤ ሦስቱም በሠሩት ሥራ የሚወዱትን ሰው ጎድተዋል።

የነገሩ መነሻ ጓንጉል ነው። ጓንጉል የጨው ነጋዴ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በቅሎውን እየነዳ ቆላና ደጋ ስለሚመላለስ ቤቱ መንገድ ላይ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እህቱ በተቃጠለች ቀን አሥር ዓመቱ ነበር፤ ጩኸቷን ሰምቷል። ስለዚያ ቀን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከአገሩ ስድስት ቀን በሚርቅ ተራራ ሥር እሳት አንድዶ ምሳውን ሲያበስል፣ ጉልቻ ካደረጋቸው ድንጋዮች አንዱ ጠጉር እንዳለው አየ። ነጭ ነው፣ እንደ ሽማግሌ ጢም ይለሰልሳል። እንጨቱ ከሰለ፣ እሳቱ ዳር የነበረ ገመድ ነዶ አመድ ሆነ፣ ያ ጠጉር ግን ከፍሙ መካከል እንደነጣ ቀረ። ጓንጉል ቆንጥሮ አወጣው፤ መዳፉ ላይ አድርጎም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቁጭ ብሎ አየው። እያየው አለቀሰ።

ዛሬ የተማረ ሰው ይህን ድንጋይ አስቤስቶስ ይለዋል። ጓንጉል ስም ለማውጣት ጊዜ አላጠፋም፤ ጨዉን ገደል ደፍቶ ድንጋዩን ጫነ። በሁለተኛው ቀን በቅሎዋ ወንዝ ስትሻገር ሞተችበት። የቀረውን አራት ቀን በጀርባው ተሸክሞ ሲደርስ ትከሻው ተልጦ ነበር።

«እምዬ፣ እሳት የማይበላው ነገር አገኘሁ» አላት።

ይርገዱ ከጠጉሩ ቆንጥራ እሳቱ ውስጥ ጣለችው፤ ምስር የሚበስልበትን ያህል ጠበቀች። ስታወጣው ሲገባ ከነበረው ይልቅ ነጥቶ ወጣ። በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን እሳቱ ሲያፍር ያየችው ያን ቀን ነው።

ሁለተኛዋ ስንዱ ናት። ድንጋይ ተሸክሞ መምጣት አንድ ሥራ ነው፤ ድንጋይን ጨርቅ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ጠጉሩ ያሟልጫል፣ እንዝርት ላይ ሲወጣ ይበጠሳል፤ የአገሩ ፈታዮች ሁሉ ሞክረው ተዉት። ስንዱ አልተወችውም። ከጥጥ ጋር በደጋን ነድፋ አንድ ላይ ፈተለችው። ከዚያ ሴት ገብታበት የማታውቀው የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ገባችና ሸመነችው። ጨርቁ ሲያልቅ እሳት ውስጥ ወረወረችው፤ ጥጡ ነዶ ጠፋ፣ የድንጋዩ ፈትል ቀረ። ሁለት ዓመት ፈጀባት። በበሯ ከሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኙ ቀስ እያለ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ይነጣል፤ አብረዋት የሚነድፉት ሴቶች «ሳታገቢ አረጀሽ» ይሏታል፣ እሷም ትስቃለች። ይርገዱ ምሳ ይዛላት ስትመጣ ልጇን በዚያ ብርሃን ውስጥ ታያትና ለመጥራት ትሳሳ ነበር። በር ላይ ቆማ ታያታለች፤ ምሳውም ይቀዘቅዛል።

ጨርቁን አይነኬ አሉት። በየሠፈሩ መካከል ከጣሪያ እስከ መሬት በምሰሶ ላይ ዘረጉት፣ ለሣር ክዳኑም ደረቡለት። በሦስተኛው የካቲት እሳት ተነሣ። አንድ ቤት በላ፤ አይነኬው ዘንድ ሲደርስ ላሰው፣ ደግሞ ላሰው፣ ተመለሰ። ያን ቀን ሰው አልሞተም። ከዚያም ወዲህ እሳት ከምድጃ አልፎ አያውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰገነት አንድ ሰው በእሳት አልሞተም።

የዳነ ሰው መጨፈሩ አይቀርምና ነጭ ቀን የሚባል በዓል አወጡ። ፈረሰኛው አልፎ ሚያዝያ ሲገባ ጥላሸት የጠጣውን ጨርቅ ሁሉ ያወርዱና ሜዳው ላይ ከሚነድ ደመራ የሚያህል እሳት ውስጥ ይከቱታል። ነጥቶ ይወጣል። ከዚያ ወንዱም ሴቱም ዱላ ይዞ ይደበድበዋል። ነጭ ብናኝ ይነሣል፤ ሜዳው በጠራራ ፀሐይ ጉም የገባበት ይመስላል፤ ልጆች በውስጡ እየሮጡ ይጠፋፋሉ፣ ቆነጃጅቱ በዘፈን ይጠራሯቸዋል። ሙሽሮች ግንባራቸውን ይቀቡታል። እናቶችም ቅቤ እንደሚደረገው ሁሉ በሕፃን እርግብግቢት ላይ ቁንጥር ያኖራሉ፤ እሳት አይንካህ ይሉታል። ማን ይፈርድባቸዋል? ከሞት ያወጣውን ነገር የሚጠረጥር ሰው አይቼ አላውቅም። ይርገዱ ራሷ የአገሩን ሕፃናት ሃያ ዓመት በገዛ ጣቷ ስትቀባ ኖራለች።

ሦስተኛው ላቀው ነው። ላቀው የአገሩ ጡሩንባ ነፊ ነበር። እሳት ሲነሣ አጭር አጭር አድርጎ ይነፋል፤ ሰው ሲሞት አንድ ረጅም። አይነኬው ከተሰቀለ ወዲህ አጭሩ ጥሪ ሥራ ፈታ። ረጅሙ ግን እየበዛ መጣ። መጀመሪያ ከስንዱ ጋር ሲነድፉ የነበሩት ሴቶች ሄዱ፤ አንዷ፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ አምስተኛዋ። ደረቅ ሳል ይጀምራቸዋል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ኋላም ዳገት እንደወጣ ሰው ተቀምጠው ያለከልካሉ። ሰው ሁሉ የብርድ ነገር ነው ይላል። ላቀውን ግን ነገሩ ከነከነው። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ሟቹ ምን በላ፣ ምን ጠጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ነጭ ቀን የት ይቆም ነበር ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሰዎቹ ሐዘን ያዞረው መሰላቸው።

አንድ ማለዳ እናቱን እጇን ይዞ ወደ ሜዳው አወጣት። ለእያንዳንዱ ሟች፣ በሕይወት ሳለ በነጭ ቀን ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ፣ አንዳንድ ጠጠር አኑሮለት ነበር። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉት ጠጠሮች ሦስት ወይም አራት ናቸው። ብናኙ በሚሄድበት በኩል ግን መሬቱ አይታይም። ይርገዱ ጠጠሮቹን እያየች በስማቸው ጠራቻቸው፤ አንዱንም አልሳተችም። ከዚያ የስንዱን ቦታ በዓይኗ ፈለገች። ስንዱ ባለፈው ወር ማሳል መጀመሯ ትዝ ብሏት ነበር።

ላቀው ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። እነሱም ተማክረው ነጭ ቀን ይቅር፣ ጨርቁ ግን አይውረድ አሉ። ጨርቁ በነፋስ ሲራገፍ እኮ በራሱ ነጭ ቀን ያደርጋል ብሎ ቢለምናቸው፣ አንተ ጡሩንባህን ንፋ አሉት። የሰሙት እሱ የሚኖርበት የታች ሠፈር ሰዎች ብቻ ናቸው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አየሩን ሲያጥበው፣ ላቀው የታች ሠፈርን አይነኬ በውሃ አርሶ፣ በቆዳ ጠቅልሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ጓንጉል ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር፤ አልተነገረውም።

የካቲት ሲጋመስ ፈረሰኛው መጣ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በታች ሠፈር አንዲት ሴት ፍሟን ያጠፋች መስሏት ዘወር አለች፤ እሳቱ ተነሣ፣ የሚያቆመው ነገርም አላገኘም። ላቀው አጭሩን ጥሪ ነፋ። ነፋ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ሃያ ዓመት ያልተነፋ ጥሪ ማን ያውቀዋል? ወጣቶቹ የለቅሶ ጡሩንባ መስሏቸው፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው የቆራረጠው ብለው አዘኑለት። ውሃ ይዘው በመሮጥ ፈንታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እየተጠባበቁ፣ ቀስ ብለው መጡ። ሲደርሱ አሥራ አንድ ቤት ነዶ ነበር።

የጓንጉል ሚስት ዘርትሁን ያን ቀን ታች ሠፈር አራስ ልትጠይቅ ወርዳ ነበር። አራሷንና ሕፃኗን አወጣቻቸው። አልጋ የያዘችውን አያት ላውጣ ብላ ተመለሰች፤ ክዳኑ በሁለቱም ላይ ወረደ። ላቀው ገብቶ ፈለጋት። ይዞ የወጣው የተቃጠሉ እጆቹን ብቻ ነው።

ጓንጉል በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ለቀስተኛው ሁሉ ዛሬ ወንድሙን ይገድለዋል ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ይርገዱም መሐላቸው ልትገባ ተነሣች። ጓንጉል ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከላቀው ጎን ተቀመጠ። እህል ሲቀርብ ወንድሙ በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ መብላት እንዳልቻለ አየና አጎረሰው። ከአርባው በኋላ ሁለት በቅሎ ባዶ ነድቶ ድንጋዩ ወደሚገኝበት ተራራ ሄደ፤ ሲፈነቅልም ዓመቱን እዚያው ከረመ።

በዚያ ክረምት ስንዱም የራሷን ሥራ ያዘች። ሳሉ ጸንቶባታል፤ አሥር እርምጃ ሄዳ ታርፋለች። እንዲያም ሆና በላይ ሠፈርና በመካከለኛው ሠፈር የተሰቀለውን አይነኬ እየዞረች በውሃ ረጨችው፤ ከዚያ ባለበት እንደቆመ ከላይ እስከ ታች በጭድ ጭቃ መረገችው። የሚረዳት ሰው ሲመጣ ከሩቅ ትመልሰዋለች። የእኔ ሳንባ አልቋል፣ የናንተን አታባክኑ ትላቸዋለች። ኅዳር ሲገባ ጨረሰች። ጨርቁ ግድግዳ ሆነ፤ እሳት ቢመጣ ያቆመዋል፣ ነፋስ ቢመጣ ብናኝ አይወጣም። አንድ ችግር አለበት፤ ጭቃ ይሰነጠቃል። ገና ጥር ሳያልቅ ፀሐይ በኩል ያለው ተሰነጣጥቆ ነጩ ከሥሩ ብቅ አለ፤ ስንዱም ውሃና ጭቃ ይዛ ተመለሰችበት።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመቱ ዞረ። የዘርትሁን ሙት ዓመት በወጣ በማግስቱ ጠዋት ጓንጉል ሁለት በቅሎ ድንጋይ ጭኖ ደረሰ። ጭነቱን ይዞ አገሩ በር ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ይግባ አይግባ ብለው ከሁለት ተከፈሉና አንድ ቃል አጡ፤ በመጨረሻም አዲሱ እሳት ጠባቂ ይበይን ብለው ወደ ይርገዱ ቤት ላኩ። ፈረሰኛው በዚያ ዓመት ዘግይቶ ነበር፤ ሊነሣ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ቢቀረው ነው። ያን ዕለት ጉሙ እንደ ወትሮው ደጃፍ ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር። የአገሩ ሰው ፍም ሊጭር ገሉን እንደያዘ ተሰልፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚሆነውን ይጠብቃል።

ሦስቱ ልጆች ገሎቻቸውን በእናታቸው እግር ሥር አኖሩ። ታላቅ ቀድሞ ይናገር ተባለና ጓንጉል ተናገረ። የሚገርመው እሱ አያስልም፤ ያንን ድንጋይ በጀርባው ያመጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ደረቱን አልታመመም።

«እምዬ፣ ዘርትሁን ሳል አልገደላትም» አላት። «ድንጋዩን አምጥቻለሁ፤ ታች ሠፈርን በአዲስ አይነኬ ልከልለው። የሚያስል ሰው ቢያንስ ልጆቹን አሳድጎ፣ የሚለውን ብሎ፣ ተሰናብቶ ነው የሚሄደው። እሷ አልተሰናበተችኝም።»

ላቀው እጆቹን ነጠላው ውስጥ እንደደበቀ ተናገረ። «ጋሼ እውነቱን ነው። ጨርቁን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ግን እሳት ሲመጣ ይታያል፣ ሰው ይሮጣል። ይሄኛው ሲመጣ ማን ያየዋል? ብናኙን ዛሬ በሚተነፍሱት ልጆች ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚነፋውን ጡሩንባ እኔ አልሰማውም፤ ስለዚህ ዛሬ ነው መናገር ያለብኝ።»

የሚፈልገውንም ገልጦ ነገራቸው። አይነኬው ሁሉ ርሶ ይቀበር፣ እሳት እንዳይሻገርም ከሦስት ቤት አንዱ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ይውጣ አለ። ሰልፉ ላይ ያሉት ተያዩ። ከሦስት ቤት አንዱ ማለት ወደ ሰባ የሚጠጋ ቤተሰብ ማለት ነው፤ ተራራው ላይ ደግሞ ሌላ መሬት የለም። የሚወርዱት ቆላ ነው፤ ቆላው ወባ ነው። ላቀው ይህንንም አልሸሸገም፤ የእኔ ቤት መጀመሪያ ይፍረስ አለ።

ስንዱ ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ በየቃሉ መሐል ታርፋለች፣ ሰዉም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃታል። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ» አለች። «ካልነኩት አይነካም። የተሰቀለውን አታውርዱ፣ የመጣውንም ጭነት አትፍቱ። በጭቃ መርጋችሁ ተዉት፣ ሲሰነጠቅ መርጉት።»

«እስከ መቼ፣ እታለም?» አላት ላቀው። «ማንስ ነው የሚመርገው?»

«እኔ እያለሁ እኔ። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው። ሁልጊዜ አንድ ሰው።»

ያ አንድ ሰው ማን እንደሚሆን አልተናገረችም። ታች ሠፈርም በእሷ ምክር ራቁቱን ይቀራል፤ ተራ ገብታችሁ ጠብቁ ከማለት ሌላ የምትሰጣቸው ነገር አልነበራትም። ሰልፉ መካከል ዘርትሁን ያወጣቻት አራስ ቆማለች፤ ሕፃኗ ዓመት ሞልቷት በእናቷ ቀሚስ ተንጠልጥላ መራመድ ትሞክራለች። የምትኖረው ታች ሠፈር ነው። በየቀኑ ፍም ሊጭሩ ሲመጡ ይርገዱ ጉንጯን ትስማታለች፤ ያቺን ሕፃን ግን በነጩ ብናኝ አልቀባቻትም።

ይርገዱ ልጆቿን አየቻቸው። ጓንጉልን ስታየው የተቃጠለችው ልጇ ጩኸት ይሰማታል፤ ድንጋዩ ያኔ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፍላት ነበር። ስንዱን ስታያት በብርሃን ውስጥ የነጣችውን ልጃገረድ ታያለች፤ ያንን ድንጋይ ቆንጥራ እሳት ውስጥ የጣለችው፣ ደግ ነው ብላ ለልጇ ያቀበለችው የራሷ እጅ ነው። ላቀውን ስታየው ሜዳው ላይ የተኙት ጠጠሮች ይመጡባታል፤ ከጠጠሮቹ አጠገብ ደግሞ የዘርትሁን ፊት። ከሦስቱ የምትወደው የትኛውን እንደሆነ ብትጠየቅ ቀላል ነበር፤ ሁሉንም ትላለች። የተጠየቀችው ግን አንዱን ነው።

ጉጠቱን አስገብታ ከእሳቱ ልብ አንዲት ፍም አወጣች። እንጆሪ የምታህል፣ ቀይ፣ ዝም ያለች ፍም። በሥርዓቱ ጠባቂው ፍሙን ገሉ ላይ ሲያኖረው አንድ ጊዜ እፍ ይልበታል፤ እፍ ያልተባለበት ፍም እንደተሰጠ አይቆጠርም። ይርገዱ ጎንበስ አለችና ደረቷን ሰበሰበች። ያላት ትንፋሽ ለአንድ እፍ የሚበቃ ነው። ለሁለተኛ እንደማይበቃት እሷም ታውቃለች፣ ልጆቿም አውቀዋል። ጓንጉል ሊይዛት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው፤ በጠባቂ እጅ ጣልቃ አይገባም።

ከገደሉ አፋፍ በምሥራቅ በኩል ሣሩ መጎንበስ ጀመረ። ጉሙ ከደጃፉ ተነሥቶ ወደ ታች ይመለሳል፤ ሰዎቹ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አገሩ በር ላይ ሁለቱ በቅሎዎች ከነጭነታቸው ቆመው እግራቸውን ያፈራርቃሉ። ፍሙ ዳር ዳሩን አመድ እየለበሰ ነው፤ ጉጠቱ ላይ እንዳለ ከጠፋ ሰገነት ያለ ጠባቂ ፈረሰኛውን ትቀበላለች።

እንግዲህ እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ይርገዱ እስካሁን እንደ ጎነበሰች ናት። እናንተ ቁጭ ብላችሁ የሰማችሁ ተነጋገሩበት፤ ስትነጋገሩ ግን አታስረዝሙት፣ ፍሙ አይጠብቅም። እሳቱን ያቆመው ወንድም፣ ያቆመውን ጨርቅ ሠርታ በእሱ የምትሞተው እህት፣ ጨርቁን ቀብሮ እጁን ያቃጠለው ወንድም፤ ያቺ ሕፃን ነገ ጠዋት በማን ቃል ሥር ትንቃ? ፍሙ ለማን ይገባል?